ከሜክሲኮ አያት፣ ማታ 2 ሰዓት፦ የምሳፈርባቸው ሁሉ በእኔ ሚዛን

ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። የምወጣው ማታ 2 ሰዓት ነው። ቤቴ አያት ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ይህን መንገድ እመላለሳለሁ፤ ይኸው አምስት ዓመት ሞላኝ። ስለ አዲስ አበባ ትራንስፖርት ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ሰልፍና ስለ ታሪፍ ነው። እሱም እውነት ነው፣ ያስመርራል። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ሌላ ነገር ነው። የትኛው ላይ ስሳፈር ነው ልቤ የሚያርፈው? የትኛው ላይ ስሆን ነው ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ በሩን በሩን እያየሁ የምሄደው?

ለመጻፍ ያነሳሳችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ዘንድሮ የማታ ትምህርት ጀመረች። ትምህርት ቤቷ ከሥራ ቦታዬ ብዙም አይርቅም፤ ግን የምትወጣው ከእኔ በኋላ ስለሆነ አብረን መሄድ አንችልም። በመጀመሪያው ሳምንት «እቴቴ፣ ብቻዬን በምን ብመጣ ይሻላል?» አለችኝ። ቀላል ጥያቄ መስሎኝ መመለስ ጀመርኩ። ግማሽ ሰዓት አውርቼም አልጨረስኩም። እሷም የባሰ ግራ ገባት። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። በእነዚህ አምስት ዓመታት የፈራሁባቸውን ምሽቶች አንድ በአንድ ሳስታውስ፣ አብዛኞቹ መኪና ወይም ባቡር ውስጥ ሆኜ የፈራሁባቸው አይደሉም። ቆሜ ስጠብቅ ነው። ወርጄ ስሄድ ነው። ስለዚህ ነጥብ የምሰጠው ለሚሄደው ነገር ብቻ አይደለም፤ ከመሳፈሬ በፊት የት ቆሜ እንደምጠብቅ፣ ከወረድኩ በኋላም በየት በኩል እንደምሄድ አብሮ ይቆጠራል።

በባቡሩ ልጀምር።

ቀላል ባቡሩ ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚሄደው መስመር ተከፈተ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ የእኛው፣ ከጦር ኃይሎች አያት የሚመጣው። ያኔ ትኬቱ እንደየርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ ከጓደኞቼ ጋር ለመዝናናት ብቻ ከጫፍ ጫፍ ሄደንበታል። አሁን የእንጀራ መንገዴ ሆኗል።

በደህንነት ከሆነ አንደኛ የማደርገው እሱን ነው። ሐዲዱ የራሱ ነው፤ ነጂው ከማንም ጋር አይሽቀዳደምም። አቅጣጫ አይቀይርም። «መንገድ ተዘግቷል፣ በውስጥ በኩል እናቋርጣለን» የሚል ሰው የለበትም። ቀጥሎ የት እንደሚቆም ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል፤ ለገሃር፣ ስታዲየም፣ እስጢፋኖስ፣ ባምቢስ፣ ኡራኤል እያለ መገናኛ ይደርሳል፣ ከዚያ ጉርድ ሾላ፣ ከዚያ ሲኤምሲ፣ ከዚያ አያት። ማታ ብቻዋን ለምትሄድ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። የት እንዳለሁ አውቃለሁ። ለእናቴም «ኡራኤል ደርሻለሁ» ብዬ መላክ እችላለሁ። ውስጡ መብራት አለ፣ ሰው አለ። የሆነ ነገር ብሆን የሚያየኝ ዓይን ብዙ ነው።

የዓይን መብዛት ምን ያህል እንደሚጠቅም የገባኝ ባለፈው ዓመት ነው። ከሜክሲኮ ተሳፈርኩ፤ ባቡሩ ሞልቷል፣ እጅ ማንሻ ቦታ የለም። ከኋላዬ የቆመ ጎልማሳ ሰውዬ ተጠግቶኛል። መጀመሪያ ግፊያው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ስታዲየም ላይ ሰው ወረደ። እስጢፋኖስ ላይም ወረደ። ቦታ ተገኘ፣ እሱ ግን ከኋላዬ ንቅንቅ አላለም። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄድኩ፣ ተከተለኝ። ጉሮሮዬ ደረቀ። ቤት ውስጥ ሆኜ «እንዲህ ብል፣ እንዲህ ባደርግ» የምለው ሁሉ ጠፋብኝ፤ አንድ ቃል አልወጣኝም። ነጠላ ያጣፉ እናት ነበሩ፣ ዘምቢል ይዘው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው። ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያዩኛል። «አንተ! ቦታ ሞልቶ ሳለ ልጅቷ ላይ ምን ለጠፈህ? ነይ ልጄ፣ እኔ ጋ ቁሚ» አሉ። ድምፃቸው ባቡሩን ሞላው። ሰው ሁሉ ዞረ። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ኡራኤል ላይ ወረደ። እኔም እጃቸውን ይዤ እስከ መገናኛ ቆምኩ። «ዝም አትበይ» አሉኝ፤ «አንቺ ዝም ስትዪ ሰዉ የሚተዋወቁ መስሎት ነው ዝም የሚለው።»

ይህን ምክር ለእህቴ ቃል በቃል ነው የነገርኳት። ጮክ በዪ። ሐፍረቱ የእሱ ነው።

ከባቡሩ ላይ ነጥብ የምቀንሰው በግፊያው ነው። ሲጀመር 41 ባቡሮች ነበሩ፤ በመለዋወጫ እጥረት አብዛኞቹ መቆማቸው በይፋ ሲነገር ቆይቷል። ባቡር ሲያንስ ሰው ይጠራቀማል፣ ሰው ሲጠራቀም ለኪስ አውላቂም ለባለጌም ይመቸዋል። ሌባው የሚሠራው በሩ ሊዘጋ ሲል ነው። በሩ አጠገብ ይቆማል፣ በሩ ሊዘጋ ሲል ሞጭልፎ ይወርዳል፣ አንቺ ባቡሩ ውስጥ ትቀሪያለሽ። ስለዚህ በር ላይ አትቁሚ፣ በር ላይ ቆመሽም ስልክ አታውጪ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር መሻገሩ ነው። ሜክሲኮ ጣቢያው ከመንገዱ በላይ ስለሆነ ደረጃ ወጥቶ ነው። ወደ አያት አቅጣጫ ስትመጡ ግን ሐዲዱ መንገዱን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ነው የሚሄደው። ከባቡር ስትወርዱ መሀል መንገድ ላይ ናችሁ። ከዚያ መኪና አሳልፎ መሻገር ግድ ነው። ያ መንገድ ሰፊ ነው፣ ማታ ደግሞ ባዶ ስለሚሆን መኪናው ይበርራል። እኔ ብቻዬን አልሻገርም። ሦስት አራት ሰው እስኪሰበሰብ እጠብቅና አብሬ እሻገራለሁ። ሰው በዛ ሲል ሹፌሩም ፍጥነት ይቀንሳል። አንድ ደቂቃ ብትፈጅ ነው።

ባቡሩ ከ10 8 ያገኛል።

አሁን ወደ ሚኒባሱ። እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ።

ሰማያዊና ነጩ ታክሲ የከተማችን ደም ስር ነው፤ ባቡሩ በሌለበት ሁሉ እሱ አለ። ቀን ቀን ምንም አልፈራውም። ተራ አስከባሪ አለ፣ ሰልፍ አለ፣ ሰልፉ ላይ ከፊትሽም ከኋላሽም ሰው አለ። ሰዎች ሰልፉን ያማርራሉ እንጂ እኔ ማታ ሰልፍ ሳይ ደስ ይለኛል። ሰልፍ ካለ ሥርዓት አለ ማለት ነው። የሚያስፈራው ሰልፉ ሲፈርስ ነው። አንድ ታክሲ ይመጣል፣ ሃምሳ ሰው ይሮጣል፣ ጉልበት ያለው ይገባል፣ ነፍሰ ጡርና ሽማግሌ ውጭ ይቀራል።

የተሰረቅኩት እንዲህ ባለ ግፊያ ውስጥ ነው። ሐምሌ ነበር፣ መገናኛ፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ታክሲው ሲመጣ ሁላችንም ተሯሯጥን። አንድ ልጅ ከጎኔ ጃንጥላውን ዝቅ አድርጎ ይዟል፤ የጃንጥላው ጫፍ ዓይኔ ስር ስለሆነ ወደ ታች ማየት አልችልም። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ደግሞ በሩ ላይ ደርሶ ድንገት ቆመ፤ «ቆይ፣ ጫማዬ!» ይላል። ከኋላ ይገፋሉ። አምስት ሰከንድ አይሞላም። ሰውዬው «በሉ ግቡ» ብሎ ወጣ፣ እኔ ገባሁ፣ ቦታ በማግኘቴ ተደስቼ ተቀመጥኩ። ለሂሳብ ብር ላወጣ ቦርሳዬን ስከፍት ከታች በኩል እጄ ወጣ። ቦርሳው በምላጭ ተተርትሯል። ቀጥ ያለ ነው፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ስልኬ የለም። ለእናቴ የገዛሁት ዳቦ እንኳ ጫፉ ተቆርጦ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጠ ተማሪ ፊቴን አይቶ ገባው። ሳልጠይቀው ስልኩን ሰጠኝ። «መጀመሪያ ሲምሽን አዘጊ፣ 994 ደውዪ፣ ቴሌብር አለሽ አይደል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዛሬ ስልክ ማለት ስልክ ብቻ አይደለም፣ ቦርሳም ባንክም ነው። ታክሲው ጉርድ ሾላ ሳይደርስ ሲሜ ተዘጋ። የልጁን ስም እንኳ አልጠየቅኩትም፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ሰው ሲሰረቅ መጀመሪያ የሚያስበው ሌባውን መፈለግ ነው፤ ተውት፣ ሌባው ሄዷል። መጀመሪያ 994፣ ከዚያ ፖሊስ 991።

ሚኒባስ ላይ ማታ የሚያስጨንቀኝ ሌላው ነገር መቆራረጡ ነው። በ2003 ዓ.ም. ታክሲዎች በዞን ሲመደቡና ጣራቸው ላይ ታፔላ ሲለጠፍ፣ ለተሳፋሪው ትልቁ ጥቅም የሚሄድበትን አንብቦ መሳፈሩ ነበር። ቀን ቀን እሱ ይሠራል። ሲመሽ ግን ታፔላውን የሚያይ የለም። ከሜክሲኮ አያት መሄድ ያለበት «መገናኛ ብቻ!» ይላል። መገናኛ ስትደርሺ «ሲኤምሲ ብቻ!» የሚል ሌላ ታገኛለሽ። ሰው ይህን የሚያነሳው ሂሳቡ ስለሚጨምር ነው፤ እኔ ግን ከብሩ በላይ የሚያመኝ መውረዱ ነው። በቆራረጡት ቁጥር ጨለማ ውስጥ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ። አንድ ጉዞ ሦስት ጥበቃ ይሆናል። አስቀድሜ እንዳልኩት፣ የምፈራው ደግሞ ስጠብቅ ነው። ታክሲውን በደንብ የሚቆጣጠር ሰው ማታ ማታ ቢኖር፣ ካሜራም ዘበኛም ሳይጨመር የሴቶች ፍርሃት በግማሽ ይቀንስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ፍጥነቱም አለ። ሚኒባስ የሚጭነው ሰው ቁጥር ተወስኖለታል። ማታ ግን ትርፍ የማይጭን ታክሲ ማግኘት ብርቅ ነው። «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ሁሉም ቤቱ መግባት ይፈልጋል» ይባላል፣ እውነትም ሁሉም ቤቱ መግባት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ማንም አይናገርም። ትራፊክ ሲታይ ደግሞ «ዝቅ በሉ!» ይባላል፣ የቆሙት ያጎነብሳሉ። ያለ ቀበቶ፣ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቆ፣ ሹፌሩ ሌላ ዙር ለመሥራት እየከነፈ፤ እንግዲህ አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ይተርፋል? ሌባ ስልክ ነው የሚወስደው። ፍጥነት ነው ሰው የሚወስደው። እኔ መናገር ጀምሬያለሁ። «ወንድሜ፣ ቀስ በልልን» እላለሁ። የሚገርመው አንድ ሰው እስኪናገር ነው ሁሉም የሚጠብቀው፤ ወዲያው ከኋላ «ኧረ ቀስ በል፣ ልጆች አሉን!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሹፌሩም ቀስ ይላል። ብዙውን ጊዜ ቀስ ይላል።

ስለ ሚኒባስ ክፉውን ብቻ ተናግሬ ባልፍ ግን ግፍ ይሆንብኛል። በመስመራችን የሚሠራ አንድ ረዳት አለ። ስሜን አያውቅም። የምሠራበትን ስለሚያውቅ «ፋርማሲ» ነው የሚለኝ። «ፋርማሲ፣ ነይ ግቢ፣ ጋቢና ይዤልሻለሁ!» ይላል። አንድ ቅዳሜ ማታ የኋላ ወንበር ላይ የጠጣ ሰው ነበር፤ አጠገቡ የተቀመጠችውን ልጅ ስሟን ይጠይቃል፣ ስልኳን ይጠይቃል፣ እጇን ሊይዝ ይሞክራል። ልጅቷ ወደ መስኮቱ ተለጥፋለች። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ ሂሳብ እየሰበሰበ ነበር። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አቁምልኝ» አለ ለሹፌሩ። ከዚያ ብሩን ቆጥሮ ለሰውዬው ዘረጋለት፤ «ወንድሜ፣ ሂሳብህ ይኸው፣ ሌላ ታክሲ ያዝ።» ሰውዬው መሳደብ ጀመረ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ፣ ዞሮም አላየም፣ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ያ ዝምታ ከጩኸት በላይ ሠራ። ሰውዬው ወረደ። ረዳቱ ልጅቷን «እህቴ፣ ወደፊት ነይ» ብሎ እኔ ጎን አስቀመጣት። አያት ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ስትወርድ ግን «እግዚአብሔር ይስጥህ» አለችው።

እንግዲህ ለሚኒባስ ስንት ልስጥ? የማላውቀው ታክሲ፣ ማታ፣ ከሆነ ከ10 5። የእነዚህ ሁለት ልጆች ታክሲ ከሆነ 9። መኪናው ያው ነው፣ ሰዎቹ ናቸው የተለያዩት።

ለዚህ ነው እህቴን «በተቻለሽ መጠን አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ሰዓት፣ ተሳፈሪ» ያልኳት። በአንድ ወር ውስጥ ተራ አስከባሪው ያውቅሻል፣ ቆሎ የምትሸጠዋ ታውቅሻለች፣ ረዳቶቹ ያውቁሻል። የሚያውቅሽ ሰው ባለበት ቦታ ስትቆሚ ብቻሽን አይደለሽም።

ስለ ትልልቆቹ አውቶቡሶች፣ ስለ አንበሳና ሸገር፣ ብዙ አልልም፤ በእኔ ሰዓት ብዙም አላገኛቸውም። ሳገኝ ግን ደስ ብሎኝ ነው የምሳፈረው። ከፍ ያለ ነው፣ ከባድ ነው፣ እንደ ሚኒባስ አይከንፍም። ትኬት ቆራጭ አለ። ቁጥሩን አይተሽ የት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ። የሚያስጠነቅቀው ነገር ቀን ላይ፣ በተለይ ጠዋትና ማታ የሥራ ሰዓት ላይ፣ ሲሞላ ኪስ አውላቂ መብዛቱ ነው፤ ቦርሳ ከፊት፣ ስልክ ከውስጥ። ከ10 7።

አሁን ወደ ዜሮው። ዜሮ ስል ከልቤ ነው።

ማታ ትራንስፖርት ሲጠፋ የቤት መኪና ይቆምና «መገናኛ፣ መገናኛ፣ አንድ ሰው!» ይላል። ብዙዎቹ ለነዳጅ ብለው የሚጭኑ የዋህ ሰዎች ናቸው፤ አልዋሽም፣ እኔም ተሳፍሬ አውቃለሁ። ግን ከየዋሆቹ መሀል የትኛው ሌባ እንደሆነ መለያ የለሽም። የሥራ ባልደረባዬ የደረሰባት ይህ ነው። አንዲት ቪትዝ ቆመች፤ ሁለት «ተሳፋሪ» ከኋላ አለ፣ አንዷ ሴት ናት። ሴት ስላየች ልቧ አርፎ ጋቢና ገባች። ትንሽ እንደሄዱ ሹፌሩ «እህቴ፣ በሩ አልተዘጋም፣ በደንብ ሳቢው» አላት። ሳበች። «አልተዘጋም፣ በሁለት እጅሽ!» በሁለት እጇ ሳበች። ሹፌሩ ራሱ ሊያግዛት እጁን አሳለፈ፣ ከኋላ ያለውም «ቆይ እኔ ልርዳሽ» ብሎ ጎንበስ አለ። ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው፣ ዓይኗ በሩ ላይ። ከዚያ ሹፌሩ «ይቅርታ፣ ትራፊክ አለ፣ ጋቢና አስቀምጬ ቢያየኝ ይቀጣኛል፣ ውረጂልኝ» አለ። ብሯን እንኳ አልተቀበላትም። ወረደች። መኪናዋ ከሄደች በኋላ ነው ስልኳና የወር ደመወዟ አለመኖሩን ያየችው።

በሩ ተዘግቶ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ ተዘግቶ ነበር።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም፣ ለእሷም ብቻ የተሠራ አይደለም፤ አንዳንዴ በሩ ይሆናል፣ አንዳንዴ መስኮቱ፣ አንዳንዴ «ጠጋ በይ፣ ማርሽ ልቀይር» ይሆናል። መልኩ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው፦ ሁለት እጅሽንና ዓይንሽን ሥራ ያስይዙሻል፣ ከዚያ በምክንያት ያወርዱሻል። ስለዚህ ታርጋ እዩ። ታክሲ ኮድ 1 ነው፣ ጽሑፉ ቀይ ነው። መንገድ ላይ ቆሞ የሚጠራችሁ መኪና ያ ካልሆነ፣ ቢዘንብም ባይዘንብም፣ አትሳፈሩ። ውስጡ ሴት አለች ብላችሁም አትሳፈሩ።

የመጨረሻው ራይድ ነው። ራይድ ስል በመተግበሪያ የሚጠሩትን ሁሉ ነው፣ እንደ ሰፈሩ አጠራር። የመጀመሪያውን ራይድ የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ ናት፤ ድርጅቷ ሃይብሪድ ዲዛይንስ ይባላል። ለመገናኛ ብዙኃን እንደተናገረችው፣ ሐሳቡን ያመጣላት ራሷ የደረሰባት ነው፤ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና ስትሠራ ማታ ከሥራ ወጥታ ታክሲ መያዝ ያስፈራት ነበር፣ ሹፌሮቹም ዋጋ ይቆልሉባት ነበር። ይህን ሳነብ ገረመኝ፣ ደስም አለኝ። የእኔን ፍርሃት የምታውቅ ሴት የሠራችው ነገር ነው። ስማርት ስልክ ለሌለውም 8294 ተደውሎ ይጠራል። እናቴን ሐኪም ቤት ስወስድ እሱን ነው የምጠራው።

የሹፌሩ ስም ይታያል፣ ታርጋው ይታያል፣ ጉዞው ተመዝግቦ ይቀራል። ዋናው ነገር ደግሞ ቆሞ መጠበቅ የለም፤ መኪናው በር ድረስ ሲመጣ ነው የምወጣው፣ የሚያወርደኝም በር ላይ ነው። ከፊትና ከኋላ ያለውን ጨለማ የቆረጠልኝ እሱ ብቻ ነው። ከ10 9 እሰጠው ነበር። ሁለት ነገር ግን ይጎትተዋል። አንደኛው ብሩ ነው፤ በእኔ ደመወዝ በሳምንት አንዴ ከሆነ ነው፣ ለተማሪዋ እህቴ ደግሞ እሱም የለም። ሁለተኛው አንዳንድ ሹፌር የሚያደርገው ነገር ነው። የትኛው መተግበሪያ እንደነበር መጥቀስ አልፈልግም፤ አንድ ማታ የጠራሁት ሹፌር ደርሶ «ጉዞውን ሰርዢውና በስምምነት እንሂድ፣ ለአንቺም ይቀንስልሻል» አለኝ። ርካሽ ስለሆነ ልስማማ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ከዚያ አሰብኩት። ጉዞውን የሰረዝኩ ጊዜ ከዚያ በኋላ የምንሄድበትን የሚመዘግብ የለም፤ እኔ ደግሞ የማላውቀው ሰው መኪና ውስጥ ማታ የተሳፈርኩ አንዲት ሴት ሆኜ እቀራለሁ። አመስግኜው ወረድኩ። ምናልባት ጨዋ ሰው ነበር። ያን ግን በዚያ ሰዓት የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ስለዚህ በፍጹም አትሰርዙ። ከ10 7።

አሁን የቀረው ከወረድኩ በኋላ ያለው መንገድ ነው። ከአያት ጣቢያ ቤቴ አሥራ ሁለት ደቂቃ በእግር ነው። በእነዚያ አሥራ ሁለት ደቂቃዎች ሦስት ዓይነት መንገድ አለ። የመጀመሪያው አስፋልቱ ነው፤ መብራት አለ፣ ሱቆች ክፍት ናቸው፣ እዚያ ምንም አልፈራም። ሁለተኛው ኮብልስቶኑ ነው፤ መብራቱ አንዱ በርቶ ሁለቱ ይጠፋል፣ በስተግራ ያላለቀ ሕንፃ አለ፣ ከሕንፃው ፊት ሳልፍ እርምጃዬ ራሱ ይፈጥናል። ሦስተኛው የኮንዶሚኒየማችን አጥር ዳር ነው፤ ጨለማ ነው፣ ውሾች አሉ፣ ግን ጥበቃው አባባ አሉ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይቀመጣሉ። የባትሪያቸውን ብርሃን ሳይ መድረሴን አውቃለሁ። «ደህና ገባሽ ልጄ?» ይላሉ። ኮብልስቶኑ መግቢያ ላይ ያለው ባለሱቅም ቢሆን የዋዛ አይደለም፤ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ክፍት ነው፣ በሩ ላይ ትልቅ አምፖል ሰቅሏል። የሰቀለው ለገበያው ነው። ለእኛ ለሴቶቹ ግን ከገበያም በላይ ነው፤ ሱቁ በተዘጋ ቀን ያ መንገድ ሌላ መንገድ ይሆናል።

በዚህ አንድ ሁለት ዓመት መሀል ከተማው በኮሪደር ልማት እግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል፤ ማታ ስሄድበት ልዩነቱን በሰውነቴ አውቀዋለሁ። ይህን ለሠሩት ምስጋና ይገባቸዋል። መብራቱ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ሁለት መቶ ሜትር ቢገባልን ደግሞ እንዴት ባማረ ነበር። ሰው የሚያድረው አስፋልት ዳር አይደለም።

እንግዲህ ለእህቴ የሰጠኋት መልስ ይህ ነው። በባቡር ነይ። ባቡር ከጠፋ ሰልፍ ያለበት ቦታ ጠብቂ፣ የምታውቂያቸውን ልጆች ታክሲ ያዢ፣ ጋቢና ተቀመጪ። ዝናብ ከጣለ ወይም በጣም ከመሸ ራይድ ጥሪ፣ እኔ እከፍላለሁ። የቤት መኪና በፍጹም። ሲኤምሲ ስትደርሺ ላኪልኝ።

ትናንት ማታ 3 ሰዓት ከ20 ላይ ስልኬ ጮኸ። «ሲኤምሲ» ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም። ሻይዬን አስቀምጬ ጃኬቴን ደረብኩ፣ ባትሪ ያዝኩ። አባባ በሩ ላይ «ምነው በዚህ ሰዓት?» አሉኝ። «እህቴ ልትወርድ ነው» አልኳቸው። ዱላቸውን ይዘው ተነሡ፣ እስከ ኮብልስቶኑ ድረስ አብረን ሄድን።